የባሕር ዝሆኑ እና የኤርሱሞ ስንዴ

ይህ ጉዳይ ያስከፈለኝ አንድ ወዳጅ ነው። ኤርሱሞ ይባላል፤ የሌሞ ገበሬ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ትርፍ ስንዴውን ከእኔ ሌላ ለማንም ሸጦ አያውቅም ነበር። ሌላም የከሰርኩት አለ፤ በገበያው የነበረኝ ቃል፣ ጥቂት ደንበኞች፣ እንቅልፍ። እነሱ እንደምንም ይተካሉ።

ዘንድሮ መጋዘኑን ለልጄ ለአስቴር አስረክቤ ቤት ገብቻለሁ። ጉልበቴ የከረጢት ክምር ላይ መውጣት እምቢ አለ። ሥራውም ቢሆን የማውቀው ሥራ አልሆነም። ዛሬ የእህል ነጋዴ ማለት ሁለት ስልክ የያዘ ሰው ነው፤ እህሉን ሳያይ ይገዛል፣ ሳያይ ይሸጣል። አስቴር ደግሞ እርጥበት የምትለካበት ትንሽ ማሽን አምጥታለች። ስንዴውን ትጨምርበታለች፣ ቁጥር ያወጣል፣ ገበሬው ቁጥሩን አይቶ ዝም ይላል። ከእኔ ጋር ቢሆን ግማሽ ቀን ይከራከር ነበር። እንግዲህ ጊዜ ስላገኘሁ እጽፋለሁ። ነገሩን ከሰው አፍ የሰሙ አጣመው ያወሩታል፤ መጣመሙ ካልቀረ በእኔው እጅ ይጣመም።

ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝ አቶ ላምቤቦ ናቸው። በሆሳዕና ገበያ ከቀደምቶቹ የእህል ነጋዴዎች አንዱ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቸርች ውስጥ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይዘምሩ ሰው። ተሸካሚ ሆኜ ገባሁላቸው። ጥቂት ቆይተው በገበያ ቀን ገብስ እንድሰበስብ ጊምቢቹ ላኩኝ። ቀጥሎ ሺንሺቾ ሄድኩ፤ ከምባትኛ አልችልም ነበርና ሁለት ወር ሙሉ የገዛሁት በጣቴ እያሳየሁ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ደረሰኝ የሚባል ነገር አላየሁም። ያየሁት የእሳቸውን እጅ ነው።

ከረጢት ሲመጣላቸው አፉ ላይ ያለውን አያዩም። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ያስገባሉ። የመሀሉ ስንዴ ከዳሩ ሞቅ ካለ መታመም ጀምሯል ማለት ነው። ከዚያ አንዲት ፍሬ በጥርሳቸው ይሰብራሉ። ቀጭ ካለች ደርቃለች፤ ከተላመጠች ገና ናት። ያኔም ካልጠገቡ ወደ ጠርሙሱ ይሄዳሉ። በደረቅ ጠርሙስ አንድ እፍኝ ስንዴና በፀሐይ የሰነበተ ደቃቅ ጨው ጨምረው ይነቀንቃሉ፤ ጥቂት ያቆሙትና ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ያዩታል። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ ስንዴው ውሃ አለበት። ካልተለጠፈ ይገዛሉ። ያንን ጠርሙስ ማንም እንዲነካው አይፈልጉም ነበር። እጃችን እርጥብ ከሆነ ገበሬውን ያለ ጥፋቱ እንመልሰዋለን ይሉ ነበር።

ከልማዶቻቸው ሁሉ የሚገርመኝ ግን አንዱ ነው። ገበሬ መጥቶ «መቼ ልጨድ?» ሲላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ «አላውቅም» ነው። አርባ ዓመት ሰማይ ያዩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ እያወቁ ለምን አላውቅም ይላሉ?»

«እኔ ገዢ ነኝ።»

«ገዢ ቢሆኑስ?»

«ገዢ የሚፈልገው የደረቀ ስንዴ ነው። ገበሬ የሚፈልገው የተሰበሰበ ስንዴ ነው። ሁለቱ አንድ ቀን ላይ አይውሉም። እኔ ቀን ልቁረጥለት ካልኩ የምቆርጠው የራሴን ቀን ነው።»

ሰማኋቸው። የገባኝም መስሎኝ ነበር።

የራሴን መጋዘን ከከፈትኩ በኋላ ታናሽ ወንድሜ ታሪኩ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ይህ በእኛ አገር ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከየቤቱ አንድ ሰው እዚያ አለ፤ ከሌለ ለመሄድ የሚያስብ አለ። እዚያ ያለ ሰው ደግሞ ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይታመናል። የጋብቻ ምክር ከእሱ ይጠየቃል፣ የቤት ፕላን ለእሱ ይላካል፣ ሰው ሲታመም ከሐኪሙ በፊት ለእሱ ይደወላል። ብርድ ልብስ ተሸክሞ በየመንደሩ የሚዞር ሰው ስለ ኩላሊት ይጠየቃል። ይመልሳልም።

ታሪኩም ብርድ ልብስ ሲያዞር ኖረ፤ ሁለት ጊዜ ተዘረፈ። ከሁለተኛው በኋላ ወደ አንድ የወደብ ከተማ ወርዶ መርከብ ላይ ዕቃ መጫን ጀመረ። መርከቡ ነዋሪ ወደሌለበት ቀዝቃዛ የደቡብ ደሴት ተመራማሪዎችን የሚያመላልስ ነበር። ጠንካራ መሆኑን ሲያዩ ከእነሱ ጋር ደሴቱ ላይ እንዲከርም ወሰዱት። ከዚያ የላከልኝን የመጀመሪያ ቮይስ ሦስት ጊዜ ነው የሰማሁት።

«ጋሼ፣» ይላል፣ ነፋሱ ድምፁን እየበላው፣ «የባሕር ዝሆን የሚባል እንስሳ አለ። ዝሆን አይደለም። እግር የለውም፣ ጸጉር አለው፤ ትልቁ ሦስት አራት በሬ ያክላል። እኛ ትንንሾቹን ነው የምንይዘው። እንዳያይ ጭንቅላቱ ላይ ከረጢት የማጠልቀው እኔ ነኝ። አንዷ ሐኪም የሚያደነዝዝ መርፌ ትወጋዋለች። ከዚያ የአናቱን ጸጉር አድርቀው መዳፍ የምታክል አንቴና ያላት ዕቃ በሙጫ ይለጥፉበታል። ሙጫው እስኪይዝ እጄን ጭኜ የምቆየው እኔው ነኝ። ትንፋሹ ዓሣ ዓሣ ይላል፤ አይጣል ነው።»

ምን እንደሚጠቅም በሌላ ቮይስ አስረዳኝ። እንስሳው መርከብ በማይደርስበት፣ በበረዶ ሥር ሳይቀር፣ እየጠለቀ ይመገባል። አናቱ ላይ ያለችው ዕቃ ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ፣ ምን ያህል ጨው እንዳለበት፣ ምን ያህል እንደጠለቀች ትመዘግባለች። ሊተነፍስ ብቅ ሲል ወደ ሳተላይት ትልካለች። በዓመት አንዴ ጸጉሩን ሲቀይር እሷም አብራ ትረግፋለች፤ እንስሳው አይጎዳም። በሌሎች ባሕሮች ደግሞ ኤሊና ትልልቅ ዓሣ እንዲህ ያለ ዕቃ ይሸከማሉ አለኝ። የአየር ጠባይ የሚተነብዩ ሰዎች ይህን ሁሉ ይወስዱታል። ጨው ሲል ጊዜ የአቶ ላምቤቦን ጠርሙስ የሰረቁ መሰለኝ።

ወሬው ገበያ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም።

«ማርቆስ፣ ወንድምህ ለዓሣ ስልክ ያድላል አሉ። ካርድ ማን ይሞላለታል?»

«ካርድ አያስፈልገውም። እንዳንተ ሚስኮል ብቻ ነው የሚያደርገው።»

ሲስቁ ከረሙ። ከዚያ በአንዱ መስከረም ታሪኩ ደወለና ተመራማሪዎቹ ሲያወሩ የሰማውን ነገረኝ፤ ከአፍሪካ በስተምሥራቅ ያለው ባሕር ሞቋል፣ ዘንድሮ በእናንተ በኩል ዝናቡ በጊዜው ላይቆም ይችላል። ለማውቃቸው ገበሬዎች ሁሉ ተናገርኩ። የሰሙኝ ቶሎ አጭደው፣ ከምረው፣ ላስቲክ አለበሱት። ኅዳር ላይ ዘነበ። ያልሰሙኝ ሲያለቅሱ የሰሙኝ ዶሮ ይዘውልኝ መጡ።

ከዚያ ወዲያ ሳቁ ቀረ። ስሜም «ባለ ባሕሩ» ሆነ። ከሌሞ በጋሪ የሚመጣው ሁሉ እህሉን ከማውረዱ በፊት የባሕሩን ወሬ ይጠይቀኛል። እኔም ሆዴን ገፋ አድርጌ እመልሳለሁ። አቶ ላምቤቦ ያኔ ሥራ ትተው በመጋዘኔ በር ወንበር ላይ ይውሉ ነበር።

«ማርቆስ።»

«አቤት አባባ።»

«ስንት ጊዜ ልክ ሆንክ?»

«አንዴ።»

«እሺ» ብለው ወደ መንገዱ ዞሩ።

አሁን ወደ ኤርሱሞ ልመለስ። ኤርሱሞ ዘር የሚያባዛ ገበሬ ነበር። ማሳው ላይ የሚያድገው ስንዴ ተመርምሮ ካለፈ በማኅበሩ በኩል ለሌላ ገበሬ ዘር ይሆናል፤ የተረፈውን እኔ እገዛዋለሁ። ዘር እንደ ተራ ስንዴ አይደለም፤ ዱቄት ስለሚሆን ብቻ አያልፍም፣ ፍሬው በሕይወት መኖር አለበት። የበኩር ልጁ ተመስገን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጧል። የመንገድ ደላላ አነጋግሯል፤ በሞያሌ ወጥቶ በየብስ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት። አባቱ ይህን ሲሰማ አልጮኸም። ምስክር እንድሆን እኔን ጠራኝና በራፋቸው ላይ ሦስታችን ተቀመጥን።

«የዘንድሮው ዘር ካለፈ ማኅበሩ ቋሚ አባዢ ያደርገኛል» አለ ኤርሱሞ። «ያኔ የታችኛውን ማሳ ለአንተ እለቃለሁ፤ በስምህ ትሠራበታለህ።»

«ካለፈ እቀራለሁ» አለ ተመስገን። «ካላለፈ ግን አባዬ፣ በር ላይ እንዳትቆምብኝ።»

«አልቆምም። ማርቆስ ይስማ።»

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

ልጁ ሳቅ ብሎ «ጋሽ ማርቆስ፣ እንግዲህ ባሕሩን ያዙልን» አለኝ። ለቀልድ ነው። እኔ ግን አንገቴን ነቀነቅሁ፤ ባሕሩን በእጄ እንደያዘ ሰው።

ኅዳር ገባ። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ወርቅነሽ የምትባል ልጅ ናት፤ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ፣ ቃሏ አጭር። ከግብርና የመጣ የአየር ጠባይ ማሳሰቢያ ገበያ መሀል ቆማ አነበበች፤ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ያለወቅቱ ዝናብ ይጠበቃል፣ የደረሰ ሰብል ይሰብሰብ፣ ይከመር፣ ይሸፈን። አንዱን ቅጂ ሰው እንዲያየው ብላ የመጋዘኔ በር ላይ ለጠፈችው።

በማግስቱ ኤርሱሞ ጥቂት ዛላ ይዞ መጣ። ለነገ ደቦ ጠርቷል፤ ሃያ ሰው ማጭዱን ስሎ ይጠብቃል። አንዲት ፍሬ ነከስኩ። ተላመጠች።

«የተመስገን አባት፣ ይኼ ገና ነው» አልኩት። በእኛ ዘንድ ሰው በበኩር ልጁ ስም ነው የሚጠራው።

«ወርቅነሽ ዝናብ አለ ትላለች።»

«ቆይ፣ ባለቤቱን እንጠይቅ።»

ስልኩን ጮክ እንዲል አድርጌ ለታሪኩ ደወልኩ። ኤርሱሞ አጠገቤ ቆሟል።

«ታሪኩ፣ እንስሶቹ ምን ይላሉ?»

«ምን ይላሉ ማለት?»

«ውሃው።»

«ውሃው… ትናንት በመጣው መረጃ ካምናው ቀዝቅዟል ሲሉ ሰምቻለሁ። ግን ጋሼ፣ እሱ እኮ…»

ዘጋሁት። የምፈልገውን አግኝቻለሁ። ባሕሩ ሲሞቅ ከዘነበ፣ ሲቀዘቅዝ አይዘንብም፤ ለዚህ ስድስተኛ ክፍል ይበቃል።

«የወርቅነሽ ወረቀትስ?» አለ ኤርሱሞ።

«ወርቅነሽ የምታነበው ወረቀት ነው። ወንድሜ እንስሳውን በእጁ ይነካል።»

«እና?»

«አሥር ቀን ተወው። ቆሞ ይድረቅ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልጻፍ። ያን ሰሞን የማድረቂያ ግቢዬ በሌላ ሰው እርጥብ እህል ተሞልቶ ነበር። የኤርሱሞ ትርፍ ስንዴ ማሳው ላይ ደርቆ ቢመጣልኝ ድካሜ ይቀንስ ነበር። ይህን ያኔ አላሰብኩትም ማለት እችላለሁ። አስቤዋለሁ።

ኤርሱሞ ደቦውን መለሰ። የተመለሰ ደቦ ደግሞ ቤቱ አይቀመጥም፤ ተራ ወደያዘው ቀጣይ ሰው ማሳ ይሄዳል። በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ሃያውም ሰው የሌላ ሰው ስንዴ ላይ ነበር። ኤርሱሞ፣ ሚስቱና ልጆቹ ማጭድ ይዘው ወጡ። የቻሉትን አጨዱ፤ የቻሉት አንድ ጥግ ነው። ከዚያ አምስት ቀን ዘነበ።

ሲያባራ ሄድኩ። የጎረቤቶቹ ክምር ላስቲኩን ለብሶ ቆሟል። የኤርሱሞ ስንዴ ተኝቷል። ጎንበስ ብዬ አንድ ዛላ አነሳሁ፤ ከእያንዳንዱ ፍሬ አረንጓዴ ክር ወጥቷል። ቆሞ ሳለ በቅሏል። ኤርሱሞ ላሞቹን እየነዳ ወደ ማሳው ሲያስገባ አገኘሁት። ሰላም አለኝ። ላሞቹን መንዳቱን ቀጠለ።

ከዳር የተረፈውን በፀሐይ አሰንብቶ አንድ ከረጢት ይዞ መጋዘን መጣ። ከእኔ በፊት አቶ ላምቤቦ ከወንበራቸው ተነሱ። ጠርሙሱን ከመስኮቱ አውርደው ስንዴውንና ጨውን ጨምረው ነቀነቁ፤ ወደ ብርሃን ከፍ አደረጉት። ጨው ዙሪያውን ተለጥፎ ጠርሙሱ ነጭ ሆኗል። ደፉት፣ አጠቡት፣ አፉን ወደ ታች አድርገው ፀሐይ ላይ ተከሉትና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ነገሩን እስኪያርፉ ድረስ አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይቀለኝ ነበር።

ዘሩን መርማሪው አላሳለፈውም። ተመስገን በጥር ወጣ። ኤርሱሞ ቃሉን ጠበቀ፤ በሩ ላይ አልቆመም።

ተመስገን ከሞያሌ ደወለ። ከኬንያ ደወለ። ከታንዛኒያ አንድ አጭር ጽሑፍ ላከ፤ ደህና ነኝ ይላል። ከዚያ ዝም ሆነ። ታሪኩ ከደሴቱ ሲመለስ የአገሩን ሰዎች እየዞረ ጠየቀ፤ የደረሰ ሁሉ አላየነውም አለ። ሰኔ ላይ አብሮት የነበረ አንድ የዱራሜ ልጅ ተገኘ። ማላዊ ውስጥ ከኋላው የተዘጋ መኪና ላይ ጭነዋቸው ነበር። ሲከፈት ተመስገን አልተነሳም። መንገድ ዳር እዚያው ቀበሩት።

ለቅሶው ላይ ደረስኩ። ድንኳኑ ሙሉ ነው፤ የቸርቹ ሰዎች መዝሙር ጨርሰው ተቀምጠዋል። ኤርሱሞ መሀል ተቀምጧል። ፊቱ ቆሜ አፌን ከፈትኩና ምን ብዬ እንደምጠራው ጠፋኝ። ሃያ ዓመት የጠራሁበት ስም አሁን አይነሳም።

«ኤርሱሞ» አልኩ በመጨረሻ።

ቀና አለ። «ማርቆስ፣ እንስሳው ነው የዋሸው ወይስ አንተ?»

«ጠይቄ እነግርሃለሁ» አልኩት። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው ወንበር አሳዩኝ።

በማግስቱ ታሪኩ ጋር ደወልኩ። የዚያን ቀን ያቋረጥኩትን እንዲጨርስልኝ ለመንኩት።

«እንስሳው አልዋሸም ጋሼ» አለኝ። «የነገርኩህ የአንድ እንስሳ የአንድ ቀን መረጃ ነው። ያለውም ከእናንተ ዝናብ በጣም በራቀ ባሕር ውስጥ ነው። ለብቻው ስለ ሆሳዕና ምንም አይናገርም። ልነግርህ የነበረው ይህን ነው፤ ዘጋኸው።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚናገረው?»

«የብዙ እንስሳ፣ የመርከብ፣ የሳተላይት፣ የሁሉም ባሕር ሲደመር። ያኔ ትንበያ ይሆናል።»

«ተደምሮ የት ይሄዳል?»

«ወደየአገሩ የአየር ጠባይ ቢሮ። ከዚያ ወደ ግብርና፣ ከግብርና ወደ ገበሬው። ያን ጊዜ ወረቀት አልመጣላችሁም እንዴ?»

ስልኩን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ወረቀቱ ከተለጠፈበት አልተነሳም። ጫፉ ተቀዷል፣ ቀለሙ ፈዟል፤ ይነበባል። ሰባት ወር ሙሉ በየቀኑ በዚያ በር ገብቼ ወጥቻለሁ።

ሌሞ ሄጄ ለኤርሱሞ ነገርኩት። ቆሜ ነው የነገርኩት።

«እንስሳው እውነቱን ተናግሯል። የተናገረው ወርቅነሽ ባነበበችው ወረቀት ውስጥ ነበር። ወንድሜም ሊያስረዳኝ ሲል ዘግቼበታለሁ።»

«ለምን?»

«የሰማሁት በቅቶኝ ነበር። ግቢዬም ሞልቶ ነበር፤ ስንዴህ ደርቆ እንዲመጣልኝ ፈልጌ ነበር።»

«እሺ» አለ። «ደህና ግባ።»

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሠራሁ። ወርቅነሽ ማሳሰቢያ ባመጣች ቁጥር በሩ ላይ ቆሜ ለመጣው ሁሉ አነብ ነበር፤ ማንበብ ለማይችል በሀዲይኛ እመልስለት ነበር፤ ከራሴ አንድ ቃል አልጨምርም። «አንተስ ምን ትላለህ ባለ ባሕሩ?» የሚል አይጠፋም። እንደገና ከመጀመሪያው አነብለታለሁ። መሰልቸቱን አይቼ እንኳ አላቆምኩም። አንዳንዱ ሰማ፣ አንዳንዱ አልሰማም።

ታሪኩ አሁንም በየዓመቱ ደሴቱ ላይ ይከርማል። ወርቅነሽ አድጋ ወረዳ ገብታለች። ኤርሱሞ ዘር ማባዛት ትቷል፤ ስንዴውን ጊምቢቹ ላለ ነጋዴ ይሸጣል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ኮፍያውን አንስቶ ያልፋል።

ሦስት ልጆች ነበሩት። ሁለት አሉት።